የጡት ጫፍ እንዳይቆስል፦ የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚያጠቡ እናቶች

(በወግዲ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ለአራሶች በአንዲት አዋላጅ ነርስ ከተሰጠ የጤና ትምህርት የተወሰደ)

አንዳንዶቻችሁ ሌሊት ተነሥታችሁ፣ ከዓባይ በኩል ካለው ቆላ ዳገቱን ወጥታችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ወረፋችሁ እስኪደርስ ድረስ ቁጭ በሉና ትንሽ እንነጋገር። ልጅ ያዘላችሁ አውርዳችሁ እቀፉ፤ ልጁ ከፈለገም አጥቡት። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ስለ ማጥባት ነውና ማንም እንዳትፈሩ።

ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ክትባትና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። ስለ ጡት ጫፍ መቁሰል ግን ብዙም አንናገርም። እናቶችም አይናገሩም። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት ጡቷ ሲቆስል "የሁሉም ነው፤ ቻይው" ትባላለች። እሷም ጥርሷን ነክሳ ትችለዋለች፤ መቻል ሲያቅታት ደግሞ ማጥባቷን ትቀንሳለች። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ጡት መቁሰል ለእናትነት የሚከፈል ዕዳ አለመሆኑን ነው። አብዛኛውን ጊዜ መከላከል ይቻላል፤ መከላከያውም አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

በእኔ የደረሰው

በመጀመሪያ የራሴን ላጫውታችሁ። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ከነርስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ብዙ እናቶችን አዋልጄአለሁ፤ "ልጅሽን ቶሎ ቶሎ አጥቢ" ብዬ ለስንቱ ተናግሬአለሁ። ሆኖም በወለድሁ በአራተኛው ቀን የሁለቱም ጡቶቼ ጫፍ ተሰነጠቀ። ልጄ ሲያለቅስ እንባዬ ከእሱ ቀድሞ ይወርድ ነበር። ያማከርኋት አንዲት የሙያ ጓደኛዬ "በሳሙና እጠቢው፣ አልኮልም ቀቢው" አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ፤ ባሰብኝ።

ሕመሙን ስለፈራሁ ቀን ቀን አራት አምስት ጊዜ ብቻ ማጥባት ጀመርሁ። ልጁ ከሳ፤ ሌሊቱን ሙሉ ማልቀስ ያዘ። አማቴ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ጨነቃቸው። "ወተትሽ ቀጥኖ ይሆናል፤ የላም ወተት በውኃ በጥብጠን እንስጠው" አሉ። ጎረቤት ደግሞ "እንጥሉ ወርዶ ነው፤ አስቆርጡት" አለች። እኔ የጤና ባለሙያዋ መልስ አጣሁ።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት በዕድሜ የገፉ አዋላጅ ሊጠይቁኝ መጡ። ገንፎ ቀርቦላቸው ሳይቀምሱ "እስቲ አሁን አጥቢና ልይሽ" አሉኝ። አጠገቤ ተቀምጠው ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም "ልጄ፣ የያዘው እኮ ጫፉን ብቻ ነው" አሉኝ። በትንሽ ጣታቸው ልጁን ከጡቴ አላቀቁት፤ ሆዱን ወደ ሆዴ አዙረው አስጠጉት፤ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ጠበቁና መልሰው አጎረሱት። በዚያችው ሰዓት ሕመሙ ከግማሽ በላይ ቀለለልኝ። በሳምንቱ ቁስሉ ደረቀ። በትምህርት ቤት ስለ ጡት ብዙ ተምሬ ነበር፤ ሳጠባ ያየኝ ሰው ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አንዲት አራስ "ጡቴን አመመኝ" ስትለኝ ቅባት ከመፈለጌ በፊት "አጥቢና ልይሽ" እላታለሁ።

ጡት ለምን ይቆስላል?

አንዳንድ ሰው "ቆዳዋ ስስ ስለሆነ ነው" ይላል። ሌላው "ቡዳ በልቷት ነው"፣ "ምች መቷት ነው" ይላል። ዋናው ምክንያት ግን የልጁ አጎራረስ ነው። እስቲ አሁን ሁላችሁም አፋችሁን ግጠሙና በምላሳችሁ ላንቃችሁን ዳስሱ። ፊት ለፊት፣ ከጥርሳችሁ ኋላ፣ ጠንካራ ነው አይደለም? ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮ ሲሄድ ደግሞ ይለሰልሳል። የሕፃኑም ላንቃ እንደዚሁ ነው። ልጁ ጡቱን በሰፊው ከጎረሰ ጫፉ ከኋላ ከለስላሳው ቦታ ይደርሳል፤ ምንም የሚፈትገው ነገር የለም። ጫፉን ብቻ ከያዘ ግን ጫፉ በምላሱና በጠንካራው ላንቃ መካከል ይጨፈለቃል። በቀን ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲፈተግ የማይቆስል ቆዳ የለም።

ወተቱም ቢሆን በደንብ የሚወጣው ልጁ ጠቆር ያለውን የጡት ክፍል አብሮ ሲጎርስ ነው። ጫፉን ብቻ የያዘ ልጅ ይደክማል እንጂ አይጠግብም። ስለማይጠግብም ያለቅሳል፤ ደግሞ ይጠባል፤ ደግሞ ያቆስላል። ስለዚህ ይህችን ነገር ያዙልኝ፦ ጫፍ አይጠባም፤ ጡት ይጎረሳል። ለወዳጃችን ስናጎርስ አፉን ከፍቶ በደንብ እንዲቀበለን እንፈልግ የለ? በከንፈር ጫፍ የተያዘ ጉርሻ ይፈሳል። የልጅም እንደዚሁ ነው።

አቀማመጥና አስተቃቀፍ

1. መጀመሪያ እናትየዋ ይመቻት። በመደብም በበርጩማም ብትቀመጡ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ። ክንዳችሁ እንዳይዝል የታጠፈ ጋቢ ወይም ትራስ ከሥሩ አድርጉ። ወደ ልጁ ማጎንበስ አያስፈልግም፤ ልጁን ወደ ጡታችሁ አምጡት። ወገባችሁ ከታመመ ወይም ከደከማችሁ በጎን ተኝታችሁ ማጥባት ትችላላችሁ።

2. የልጁ ራስና ሰውነት በአንድ መስመር ይሁን። አንገቱ ተጠማዝዞ የሚጠባ ልጅ ጡቱን ይጎትታል። እናንተም አንገታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ውኃ ለመጠጣት ብትሞክሩ ጭንቁን ታውቁታላችሁ።

3. ሆዱ ከሆዳችሁ፣ ደረቱ ከደረታችሁ ይገናኝ። በደጋችን ብርዱ ስለሚያይል ሕፃኑን እንደ ጥቅል አድርገን በወፍራም ልብስ እንጠቀልለዋለን። ብርዱን መከላከሉ ደግ ነው። ነገር ግን ስታጠቡ ከመካከላችሁ ያለውን ጥቅል ፈታ አድርጉትና አስጠጉት፤ ከላይ ጋቢውን ለሁለታችሁም ደርቡ። የእናት ገላ ከጋቢው ይበልጥ ያሞቀዋል።

4. ራሱን ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱን፣ በተለይም መቀመጫውን ደግፉ። የራሱን ኋላ በእጃችሁ ተጭናችሁ ወደ ጡት አትግፉት፤ ሲገፋ ይቆጣል፣ ይሸሻል።

አጎራረስ

የልጁ አፍንጫ ከጡታችሁ ጫፍ ትይዩ ይሁን። በጡታችሁ ጫፍ የላይኛውን ከንፈሩን ነካ ነካ አድርጉት። እንደሚያዛጋ ሰው አፉን በሰፊው እስኪከፍት ድረስ ታገሡ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አፉ ትንሽ ሲከፈት ቸኩለን ጫፉን እናስገባለታለን። በሰፊው ሲከፍት ቶሎ አስጠጉት፤ አገጩ ቀድሞ ጡቱን ይንካ። ጡታችሁን መያዝ ካስፈለጋችሁ አራቱን ጣቶች ከሥር፣ አውራ ጣትን ከላይ አድርጋችሁ ከጫፉ ራቅ ብላችሁ ያዙ። በሁለት ጣት እንደ መቀስ ቆንጥጦ መያዝ ልጁ በሰፊው እንዳይጎርስ ያግደዋል።

በደንብ መጉረሱን በአራት ምልክት ታውቃላችሁ፦

– አገጩ ጡታችሁን ነክቷል፤
– አፉ በሰፊው ተከፍቷል፤
– የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል፤
– ጠቆር ያለው የጡት ክፍል ከታችኛው ከንፈሩ ይልቅ ከላይኛው በኩል በርከት ብሎ ይታያል።

ከዚህም ሌላ በዝግታና በጥልቀት ሲስብ፣ ሲውጥም ይሰማል፤ ጉንጩ ሞልቶ ይታያል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደና የጨዋታ የሚመስል "ጧ ጧ" ድምፅ ከሰማችሁ አልጎረሰም ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ መሳብ ሲጀምር ለጥቂት ቅጽበት ጠቅ ቢያደርጋችሁ አትደንግጡ። ሕመሙ ጡት እስኪለቅ ድረስ ከቀጠለ ግን አትቻሉት። ትንሿን ጣታችሁን ታጥባችሁ በከንፈሩ ጥግ ወደ ድዱ መካከል አስገቡ፤ ሲለቅ እንደገና አጉርሱት። ጎትቶ ማላቀቅ ራሱ ያቆስላል። ጠብቶ ሲጨርስ የጡታችሁን ጫፍ እዩት። ክብ ሆኖ ከወጣ ደህና ነው። ተጨፍልቆ ወይም በአንድ በኩል የተቆረጠ መስሎ ከወጣ በሚቀጥለው ጊዜ አጎራረሱን አስተካክሉ።

ማድረግ የማይገባን

ከማጥባታችሁ በፊትም ሆነ በኋላ የጡት ጫፍን በሳሙና አትጠቡ፤ አልኮልም አትቀቡ። ተፈጥሮ ለጫፉ የሰጠችውን ቅባት ሳሙና ያጥበዋል፤ ቆዳውም ይደርቅና ይሰነጠቃል። ገላችሁን ስትታጠቡ ጡታችሁን በንጹሕ ውኃ ብቻ ማለቅለቅ ይበቃል። ማር፣ ሎሚ፣ ጨው፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል በቁስል ላይ አታድርጉ። በተለይ ማር ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ነፍሰ ጡር እናቶች ደግሞ "ይጠንክርልኝ" ብላችሁ የጡታችሁን ጫፍ በሻካራ ጨርቅ አትፈትጉ። ጥቅም የለውም። ጡጦም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ አይደለም፤ የጡጦ አጠባብና የጡት አጠባብ ስለሚለያይ ልጁ ጫፍ መያዝን ይለምዳል።

ጡት ከተወጠረስ?

ከወለዳችሁ በሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ወተቱ ሲመጣ ጡት ሊወጠርና ሊጠነክር ይችላል። የተወጠረ ጡት እንደ ተነፋ ኳስ ስለሆነ ልጁ መጉረስ ያቅተዋል፤ ጫፉን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ከማጥባታችሁ በፊት እጃችሁን ታጥባችሁ ጥቂት እለቡ። አውራ ጣታችሁን ከላይ፣ ሌሎቹን ከታች፣ ጠቆር ካለው ክብ ዳር ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ወደ ደረታችሁ ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቻችሁን እርስ በርስ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ዙሪያው ሲለሰልስ አጉርሱት። ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ግን ከወሊድ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመርና ልጁ በፈለገ ጊዜ ሁሉ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ማጥባት ነው።

ከቆሰለ በኋላ

ቢቆስልም ማጥባት አታቋርጡ። አጎራረሱን አስተካክሉ፤ ሕመሙ ከቀለለው ጡት ጀምሩ። ስትጨርሱ ከራሳችሁ ወተት ጠብታ አውጥታችሁ ጫፉን ቀቡት፤ በአየርም ይድረቅ። የረጠበ ጨርቅ ጡት ላይ አይቆይ። ፈጽሞ ማጥባት ካልቻላችሁ ወተቱን አልባችሁ በንጹሕ ሲኒ ስጡት፤ ካልታለበ ጡቱ ያብጣል፤ ወተቱም ይቀንሳል።

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ፦

– ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ጡት በአንድ በኩል ቀልቶ ካበጠና ከጋለ፤
– ከቁስሉ መግል ከወጣ፤
– የልጁ ምላስና ጉንጭ ላይ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ከታየና ጡታችሁን የሚያቃጥል ሕመም ከያዛችሁ (ይህ የፈንገስ ሕመም ሊሆን ስለሚችል እናትም ልጅም አብረው ይታከማሉ)፤
– አጎራረሱን አስተካክላችሁም በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልተሻላችሁ (የልጁ ምላስ ከሥሩ ታስሮ እንደሆነ እናያለን)።

ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ታጥባ። ጫፉ ከተሰነጠቀ ወይም ከደማ ግን በታመመው ጡት አታጥባ፤ ከዚያኛው የታለበውንም ትድፋው፤ በዚያው ቀን ወደ እኛ ትምጣ።

ልጁ መጥባት እምቢ ሲል እንጥል ማስቆረጥ ወይም ግግ ማስነቀል መድኃኒት አይደለም። ደም ያፈሳል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ሕይወትም ያሳጣል። አጎራረሱ ተስተካክሎ ካልጠባ ወይም ሰውነቱ ከዛለ፣ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ በፍጥነት ወደ ሕክምና አምጡት።

ይህ ነገር ከቤተሰብ ምጣኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ብዙ ያገናኘዋል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ከሆኑ ሕፃናት ውስጥ ጡት ብቻ የሚጠቡት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ውኃ፣ ሌላ ወተት ወይም ምግብ ተጨምሮላቸዋል። ጡቷ የቆሰለ እናት ወደዚህ ስትገፋ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

ጡት ብቻ ማጥባት ልጁን ከተቅማጥ ከመጠበቁም በላይ ለእናትየዋ የእርግዝና መከላከያ ሊሆን ይችላል። በ1988 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በቤላጂዮ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ማጥባት ከ98 በመቶ በላይ እርግዝናን እንደሚከላከል ተስማምተዋል። አንደኛ፣ ልጁ 6 ወር ያልሞላው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የወር አበባ ያልተመለሰ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ልጁ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ የሚጠባ መሆን አለበት፤ ይኸውም በጡትና በጡት መካከል ቀን ከ4 ሰዓት፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ ሳይቆይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መከላከያው ፈረሰ። እንግዲህ ቁስል ፈርታ በቀን አራት ጊዜ የምታጠባ እናት "አጠባለሁና አላረግዝም" ብላ ብትተማመን ሳታስበው ልታረግዝ ትችላለች። ማጥባት የቀነሳችሁ ወይም የወር አበባችሁ የተመለሰ ወይም 6 ወር የሞላችሁ እናቶች ኑና አማክሩን። ሉፕ፣ በክንድ የሚቀበረው፣ እንዲሁም ለምታጠባ እናት የሚስማማ ሌላ መከላከያ እንደየሁኔታችሁ ይሰጣችኋል።

ከእናቶች የተነሡ ጥያቄዎች

አንዲት አያት፦ "በእኛ ጊዜ እንገሩ ታልቦ ይደፋ፣ ለልጁም ቅቤ ይሰጠው ነበር። ምን ይጎዳል?"

መልስ፦ እማማ፣ አንቱ ከብት አርቢ ነዎት። ላም ስትወልድ ጥጃዋ ቀድማ የምትጠባው ምኑን ነው? እንገሩን አይደለም? ለልጅም የመጀመሪያ ክትባቱ እንደማለት ነው። ቅቤው ደግሞ ልጁን ከጡት ያዘገየዋል። ሲዘገይ ጡቱ ይወጠራል፤ ሲወጠር መጉረስ ያቅተዋል፤ ከዚያ ቁስሉ ይመጣል። ቅቤውን ለእናትየዋ ገንፎ ያድርጉላት፤ እሷ ትብላው።

አንዲት ነፍሰ ጡር፦ "የእኔ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ማጥባት እችል ይሆን?"

መልስ፦ ትችያለሽ እቴ። ልጁ የሚጎርሰው ጡቱን ነው እንጂ ጫፉን ብቻ አይደለም ብለን የለ? እንደወለድሽ፣ ጡትሽ ሳይወጠር ጀምሪ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኛ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አጠገብሽ ሆነን እናግዝሻለን።

አንዲት አራስ፦ "ልጄ ሲያስመልሰው ደም አየሁ። ከጡቴ ቁስል ይሆን? ይጎዳዋል?"

መልስ፦ ጡትሽ ተሰንጥቆ ከሆነ ከዚያ የዋጠው ትንሽ ደም አይጎዳውም። ነገር ግን ደሙ ከሌላ ቦታ እንዳልሆነ እርግጠኛ ለመሆን ልጁን ዛሬውኑ እንየው። አንቺንም ስታጠቢ እናይሻለን።

በመጨረሻ

አማቶች፣ እናቶች፣ ባሎች ቤት ስትገቡ አንድ አደራ አለኝ። አራሷ ስታለቅስ "ቻይው" አትበሏት፤ ቶሎ ብላችሁም የላም ወተት አታፍሉ። አጠገቧ ተቀመጡና ልጁ ሲጎርስ እዩላት፤ አራቱን ምልክቶች ቁጠሩላት። ካልተስተካከለ ይዛችኋት ኑ። ባልም ውኃ ቀድቶ፣ እንጨት ፈልጦ ያሳርፋት፤ ተረጋግታ የምታጠባ እናት ልጅዋ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ለመታገሥ ጊዜ ታገኛለች።

አሁን ካርድ ከመውሰዳችሁ በፊት፣ ልጅ የያዛችሁ እናቶች፣ ወደዚህ ወደ ብርሃኑ ጠጋ በሉ። አንድ በአንድ አጥቡና እንያችሁ።

በጤና ያሳድግላችሁ።